ፖፕ አፕ መጽሐፉ ተቀደደ፤ ከልጅቷ ልደብቀው?

ጠያቂ፦ እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቷ ለልጄ ልደት ፖፕ አፕ መጽሐፍ ላከችላት። ሲገለጥ ግንብና ዘንዶ ከገጹ ላይ ብድግ የሚልበት ዓይነት ነው። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ሳምንት ሳይሞላው የዘንዶው ክንፍ ተገነጠለ። ባለቤቴ "እስክታድግ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጥ" ይላል። በፕላስተር ልለጥፈው? ደሞ ወረቀት ሆኖ ምን እንዲህ አስወደደው?

የመንታዎች አባት

ባልሽ ልክ ነው፣ ቁም ሳጥን ላይ አውጪው። የኔዎቹ ሁለት መጽሐፍ አፈር ድሜ አብልተዋል። ለጊዜው ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነ መጽሐፍ ግዢላት።

ወረቀት ጠጋኙ

እህቴ፣ ፕላስተሩን እንዳታስነኪው! የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የልጆች ክፍል ነው። ተቀዶ የተመለሰ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። መከራዬን የሚያሳየኝ ታዲያ ከልጆቹ ይልቅ የወላጆች ፕላስተር ነው። ማጠፊያው ላይ ሲለጠፍ ወረቀቱን ይገትረዋል። ገጹ ሲዘጋ ደግሞ ከጎኑ ይሰነጠቃል። ቆይቶም ቢጫ ይሆናል።

ይልቅ ስስ ግን ጠንካራ ወረቀት በቀጭኑ ቁረጪ። ነጭ ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አድርገሽ ከጀርባ በኩል ለጥፊው። ከሥሩ የፌስታል ቁራጭ አድርጊ፤ አለዚያ ክንፉ ከገጹ ጋር ይጣበቅና ሌላ ጣጣ ነው። ገጹን ሳትዘጊ አሳድሪው።

የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማሽን ያትማል፣ ይቆርጣል። ማጠፍና ማጣበቁ ግን ዛሬም የሰው እጅ ነው፣ አብዛኛው ቻይና ውስጥ።

ጥበቡ አዲስ እንዳይመስልሽ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሙኒክ ውስጥ ሎታር ሜገንዶርፈር የሚባል ሰዓሊ ነበር። በሱ መጻሕፍት አንዲት ወረቀት ስትስቢ የሰውየው ዓይን፣ አገጭና እጅ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ምስጢሩ ከሥዕሉ ጀርባ የተደበቁ የወረቀት ዘንጎች ናቸው፤ የሚያያዙት በተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ለኔ ግን ያን ፒየንኮቭስኪ የሚባለውን የፖፕ አፕ ሠሪ የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 እንግሊዝ ውስጥ ባወጣው "አስፈሪው ቤት" የተባለ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ ገጹን ስትከፍቺ መጋዝ ሣጥን ይገዘግዛል። ወረቀት ከወረቀት እየተፋተገ ድምፁም ቁርጥ የመጋዝ ነው። (ልጆቹ "ድገመው!" እያሉ ያደክሙኛል።) አሜሪካዊውን ሮበርት ሳቡዳን አደንቃለሁ፤ እጁ ልዩ ነው። ግን አንዳንዱ ሥራው ከመራቀቁ የተነሳ ልጁ እጁን አጣምሮ ያያል እንጂ አይጫወትም።

ስለ ቁም ሳጥኑ አልስማማም። አጠገቧ ተቀምጠሽ አብራችሁ ግለጡት። ክንፉን ከመለጠፍሽ በፊት ደግሞ ጀርባውን አሳያት። "እንዴት ተነሳ?" ብላ ካልጠየቀችሽ ምን አለ በይኝ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ተባረክ ወንድሜ! ጀርባውን አሳየኋት። አሁን "እኛም እንሥራ" ብላ ይዛኛለች። እኔ ደሞ መቀስ በቅጡ አልይዝም።

ወረቀት ጠጋኙ

ቀላል ነው። ወፍራም ወረቀት ለሁለት እጠፊ፤ ገጽሽ እሱ ነው። ሌላ ወረቀት ለሁለት አጥፈሽ ወፍም ድመትም ቁረጪ፣ መሃሉ ላይ እጥፋቱ እንዳለ ይሁን። ከግርጌው ግራና ቀኝ ለኮላ የሚሆን ትንሽ ከንፈር አስተርፊ።

አሁን ወፉን እንደታጠፈ ያዢው። እጥፋቱን የገጹ መሃል መስመር ላይ አሳርፊና ትንሽ አጋድይው፤ ቀጥ ካለ አይነሳም። አንዱን ከንፈር ብቻ ለጥፊ። ሁለተኛው ላይ ኮላ ቀቢና በእጅሽ ሳትነኪው ገጹን ዝጊበት። ቦታውን ራሱ ያገኛል። ለክተሽ እለጥፋለሁ ካልሽ ግን ይጣመምብሻል።

ሲዘጋ ከገጹ ውጪ ብቅ የሚል ጫፍ ካለ በመቀስ ቀንሺ። ቀለሙን ለሷ ተዪላት።

የመንታዎች አባት

እሺ፣ ተሸነፍኩ። የኔዎቹን ሁለት መጽሐፍ ልላክልህ? ግማሹ ገጽ የለም፣ ፖስታውንም አንተ ነህ የምትከፍለው።