የአባቴ የአንገት ጅማት ወደ አጥንት እየተለወጠ ነው

አባቴ 58 ዓመታቸው ነው፤ የስኳር ሕመም አለባቸው። ጣቶቻቸው ደንዝዘው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል፤ ሲራመዱም እግራቸው ይተሳሰርባቸዋል። ኤምአርአይ ህብለ ሰረሰራቸው አንገታቸው ላይ መጨመቁን አሳየ። ምክንያቱን የለየው ግን ሲቲ ስካን ነው፦ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው የአንገት አጥንት፣ ከህብለ ሰረሰሩ ፊት ለፊት የሚወርደው ረጅም ጅማት አጥንት ሆኗል።

ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒ የአንገት ሕመሙን ቢያቀልሉላቸውም ድንዛዜውን አልነኩትም። አንዱ ሐኪም ከጀርባ በኩል ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ህብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበት ቦታ ይስፋ ይላል፤ ሌላው በዚህ ዕድሜ የአጥንቱ እድገት ስለሚዘገይ እንጠብቅ ባይ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ መጠበቁ ነው፤ የተጎዳ ህብለ ሰረሰር ሁልጊዜ አያገግምም።

የአከርካሪ ሐኪሞችና እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያስታመማችሁ፣ እጅና እግር መድከም ከጀመረ በኋላ፣ አጥንቱ ከዕድሜ ጋር ቀስ ብሎ ያድጋል ብሎ መጠበቅ ያዋጣል?