አቅም ለደከማቸው አረጋውያን የእስክስታ ሰዓት፦ እግርን ያጠነክራል? እንዴትስ ይጀመር?

አስተባባሪ፣ አዘዞ

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ ዕድር አዳራሽ ለአረጋውያን በሳምንት ሁለት ቀን የጭፈራ ሰዓት ልንጀምር ነው። 16 ሰዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው፤ አምስቱ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ግማሽ ያህሉ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ። ማሲንቆ የሚመታም ከበሮ የሚይዝም ሰው አለን። ሁሉም የሚያውቁት እስክስታን ነው። እስክስታ ብቻውን እግር ያጠነክራል ወይ? መውደቅን ይቀንሳል? ማን ተቀምጦ፣ ማን ቆሞ ይጨፍር? ወለሉ ሊሾ ነው፤ ወንበሮቹ የዕድሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ማራኪ

እስክስታ ብቻውን አይበቃም። ትከሻን፣ ደረትንና የላይኛውን ጀርባ በደንብ ያንቀሳቅሳል፤ ትንፋሽንም ይከፍታል። አረጋዊን የሚጥለው ግን የጭንና የዳሌ ጡንቻ መድከም፣ የርምጃ ማጠርና ሚዛን መጥፋቱ ነው። ተተክሎ ቆሞ ትከሻ ቢመታ እግሩ የሚሠራው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ እስክስታው ከርምጃ፣ ከመቀመጥና መነሣት፣ ክብደትን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ከማዛወር ጋር ይጣመር።

ጥናቶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። በ2011 የታተመ የጄኔቫ ጥናት ከ65 ዓመት በላይ የሆኑና የመውደቅ ስጋት ያለባቸውን 134 ሰዎች ለስድስት ወር፣ በሳምንት አንድ ሰዓት በሙዚቃ ምት አራመደ። ዜማው ሲቀየር ርምጃቸውንም ይቀይሩ ነበር። የመውደቅ ቁጥራቸው ካልሠለጠኑት ግማሽ ገደማ ሆነ። በአንጻሩ በ2016 የወጣው የሲድኒ ጥናት ለ530 አረጋውያን አንድ ዓመት ሙሉ የተለመደ የማኅበራዊ ጭፈራ ትምህርት ሰጥቶ መውደቅን አልቀነሰም። ባለፈው ዓመት ደጋግመው የወደቁት ደግሞ ይባስ ወደቁ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው፣ ጭፈራው የሚጠቅመው ሚዛንን ሆን ብሎ፣ ደረጃ በደረጃ ሲፈትን ነው ብዬ አምናለሁ። ደጋግሞ የሚወድቅን ሰው ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ ማስጨፈር ጉዳት አለው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሁሉንም ለኩ። ከጠንካራ ወንበር 3 ሜትር ርቃችሁ በጠመኔ መስመር አስምሩ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እንደ ልማዱ ተራምዶ፣ መስመሩ ላይ ዞሮ፣ ተመልሶ ይቀመጥ፤ ምርኩዝ ካለው ይያዝ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ። ቀጥሎ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት ገጥሞ 10 ሰከንድ መቆም ይችል እንደሆነ እዩ። በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሣና እንደሚቀመጥ ቁጠሩ። ከ75 እስከ 79 ዓመት ለሆነች ሴት ከ10 በታች፣ ለወንድ ከ11 በታች ከሆነ እግሩ ደክሟል ማለት ነው። ስትለኩ አንድ ሰው ከጎኑ፣ ክንድ ሊይዝ በሚችልበት ርቀት ይቁም።

ባለፈው ዓመት ሁለቴና ከዚያ በላይ የወደቀ፣ ወይም ከላይ እንዳልኩት ተረከዝና ጣቱን ገጥሞ 10 ሰከንድ መቆም የማይችል፣ ተቀምጦ ይጀምር፤ የፊዚዮቴራፒ ክፍልም ይየው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አገልግሎቱ አለው። መቆም የሚችል ግን ልኬቱ ያነሰበት ከወንበር ጀርባ ቆሞ መደገፊያውን ይዞ ይጨፍር። ቀሪው በነጻ።

ስለ ወንበሩ፦ የፕላስቲክ ወንበር በሊሾ ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እግሩም ይከፈታል። ሁለት ሁለቱን ደርባችሁ ጀርባቸውን ግድግዳ አስነኩ። ከጀርባው ቆሞ ለሚይዝ ሰው ግን ጨርሶ አይሆንም፤ ከባድ የእንጨት ወንበር ያስፈልጋል። የመቀመጫው ከፍታ 43 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ጉልበቱ ያመመው ሰው ሊነሣ ሲል ወደ ፊት ይደፋል።

ሲስተር፣ አራዳ

ከላይ በተባለው ላይ የመድኃኒቱን ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና።

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱትን አምስት ደቂቃ ካረፉ በኋላ ለኩ፤ ከዚያ አስነሥታችሁ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሲነሡ የሚያዞራቸው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ተቀምጠው ይጨፍሩ፤ ልኬቱን በወረቀት ጽፋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኳቸው። መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። በዕረፍት ላይ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጭፈራው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን አይምጣ። ስኳሩ ከ90 በታች ከሆነ ዳቦ ወይም ሙዝ ቀምሶ ይጀምር። ያላበው፣ የተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ የተዘበራረቀ ካለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስዱት ላይ እንዲህ ያለ የስኳር መውረድ ብዙም አያጋጥምም።

አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱትን በልብ ምት አትመዝኗቸው፤ መድኃኒቱ ምቱን ይዞ ያቆየዋል። እየጨፈሩ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ ነው። ከተማችን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ልቡ ወይም ሳንባው የደከመ ሰው ቶሎ ስለሚያለከልክ በየአምስት ደቂቃው አሳርፏቸው። ደረት የሚጨመድድ ሕመም፣ የፊት ወይም የክንድ ድንገተኛ መዛል፣ አዲስ ራስ ማዞር ከመጣ ወዲያው ይቁም።

የባህል ውዝዋዜ አሠልጣኝ፣ ፒያሳ

አሠራሩን በእኔ በኩል ልንገርዎ። 45 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ሁሉም ተቀምጦ ነው፦ ተረከዝ ማንሣት፣ ጣት ማንሣት፣ ጉልበት ማንሣት፣ ትከሻን ቀስ ብሎ ወደ ላይና ወደ ኋላ ማዞር። እስክስታው ከዚያ ይመጣል፤ መጀመሪያ አንዱ ትከሻ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻ ሁለቱም። አንገት መስበቅን ይተዉት። በወጣት ላይ ያምራል፤ በዚህ ዕድሜ ግን አንገትን በድንገት መወርወር ያዞራል፤ አንገቱ የታመመውንም ይጎዳዋል። ዓይን ወደ ፊት፣ አገጭ ደልደል ብሎ፣ ትከሻ ብቻ።

መካከለኛዎቹ 25 ደቂቃዎች የእግር ናቸው። ከበሮው “ዱም” ሲል ወደ ቀኝ አንድ ርምጃ፣ ቀጥሎ ግራው ይከተላል፤ ስምንት ምት ወደ ቀኝ፣ ስምንት ወደ ግራ። ይህ ከገባቸው ወደ ፊት አራት፣ ወደ ኋላ አራት። ወደ ኋላ መሄድ ከባዱ ስለሆነ የሚይዙት ነገር ሳይኖር አያስጀምሯቸው። ከዚያ አዝማቹ ሲመጣ ከወንበር መነሣት፣ ዜማው ሲገባ ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ በአንድ ዘፈን አምስት ስድስት ጊዜ ይነሣሉ። ሳይቆጥሩት ጭናቸው ይሠራል። ሲቀመጡ ዘጭ ካሉ ጡንቻው አልሠራም፤ ሦስት ምት ወስደው ይውረዱ። የትግርኛው ክብ ጭፈራ ለአካሄድ በጣም ይጠቅማል፤ የጉራጌው ፈጣን የእግር ምት ግን ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም።

መዞር ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። በአንድ እግር መሽከርከርን ከልክሉ፤ አራት ወይም ስድስት ትንንሽ ርምጃ ወስደው ይዙሩ።

ምቱን ለከበሮው ይስጡት እንጂ ለማሲንቆው አይተዉት። ባለ ማሲንቆ ሲሞቀው ይፈጥናል፤ እልልታ ሲጨመርማ ማንም አይይዘው። በደቂቃ ከ60 ርምጃ ገደማ ይጀምሩ፤ ስምንቱንም ርምጃ ሳይስቱ ሲጨርሱ ብቻ በጥቂቱ ያፍጥኑ። አንድ ሰው ግጥም ያውርድ፣ ሌላው ይቀበል፤ የሚቀበል ሰው ትንፋሹን አያምቅም። እስክስታ ሲመቱ ትንፋሽ መያዝ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

አለባበሱን በር ላይ ይዩ። ነጠላ ጫማና ኮንጎ አይሆንም፤ ተረከዙን የሚይዝ ሸራ ጫማ ይሻላል። ቀሚሱ መሬት የሚጎትት ከሆነ በመቀነት ከፍ ይበል፤ ነጠላው ጫፉ እንዳይንጠለጠል ይታሰር። ለማሳመር ብላችሁ ቄጠማ እንዳትጎዘጉዙ፤ ሊሾ ላይ እርጥብ ቄጠማ ያንሸራትታል።

አስተባባሪ፣ አዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈን አይሆንም፤ ብዙዎቹም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ደግሞም “በዚህ ዕድሜ ጭፈራ ነውር ነው” የሚሉ አሉ።

ሲስተር፣ አራዳ

በጾም ዘፈኑን ያቁሙ፤ እንቅስቃሴውን ግን አያቁሙ። 55 ቀን ሙሉ ከተቀመጡ ያገኙት ጉልበት ይቀንሳል። በቆጠራና በጭብጨባ፣ ካስቀደሱ በኋላ ሳይሆን ከበሉ በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ይሁን። በሌላው ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ይመቻል፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። ረመዳን ለሚጾሙትም እንዲሁ ከኢፍጣር በኋላ ቤታቸው የሚሠሩትን አጭር ነገር አስጠኗቸው። ደግሞ ጡንቻ ያለ ምግብ አይገነባም፦ በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በየማዕዱ ይኑር፤ ሲፈታ እንቁላልና ወተት ይጨመር። ኩላሊት የታመመ ካለ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ማራኪ

ነውር ነው የሚሉትን አይሟገቷቸው። መጥተው ተቀምጠው ያጨብጭቡ፣ በምቱ ተረከዝና ጣት ያንሡ፤ ትከሻቸውን ማንም አይጠይቃቸው። ወረብና ሽብሸባን ግን ወደ ስፖርት አትለውጡት፤ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንና ጉልበት የሚያሠራ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይመክራል። የእናንተ ሁለት ስለሆነ ሦስተኛውን ቀን ቤታቸው ይሥሩት፦ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ አሥር ጊዜ ተረከዝ ማንሣት። በ12ኛው ሳምንት ያንኑ ልኬት በዚያው ወንበር፣ በዚያው ጫማ ድገሙት። ወንበሩ ከተቀየረ ቁጥሩ አይነጻጸርም።