የቦረና ወረዳዎች የሕዝብ፣ የተማሪና የእሳት ዳታ፦ ሦስቱ አልገጥም ብለዋል

ሣርና_ቁጥቋጦ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ያቤሎ ዙሪያ ሊካሄድ ለታሰበ የታቀደ ቃጠሎ (ቁጥቋጦን ለመቀነስ ሆን ተብሎ የሚለኮስ እሳት) ጥናት የመነሻ ሰነድ እየተዘጋጀ ነው። በወረዳ ደረጃ የሚፈለገው የሕዝብ ብዛት በዕድሜ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው የተማሪ ቁጥርና ያለፉት ዓመታት የእሳት ታሪክ ነው፤ ሁሉም በነፃ ከሚገኝ ዳታ። በእጅ ያሉት የ1999 ቆጠራ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ የተማሪ ሰንጠረዥ፣ የወርልድፖፕ ራስተር (ሕዝብን በካርታ ላይ በትንንሽ ካሬዎች የሚያከፋፍል ፋይል) እና ከናሳ ፈርምስ (በሳተላይት የታዩ እሳቶች መዝገብ) የወረደ የሲኤስቪ ሰንጠረዥ ናቸው። የተቸገርነው እዚህ ላይ ነው፦

ጎሞሌና ኤልወዬ በቆጠራው ውስጥ የሉም። የአንዱ ወረዳ ጥቅል ተሳትፎ (የተማሪው ቁጥር ለትምህርት ዕድሜው ሕዝብ ሲካፈል) ሲሰላ ከ130 በመቶ በላይ ይወጣል። ፈርምስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ እሳቱ እጥፍ የሆነ ያስመስላል። የቱ ነው እውነት፣ የቱ ነው የዳታ ጣጣ?

---

ቆጠራ_ነክ

ከወረዳው እንጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

የመጨረሻው ቆጠራ የግንቦት 1999ኙ ነው። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዘመ፣ እስካሁን የለም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የምታዩት የወረዳ ሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ (የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት) እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ላሉት ዓመታት በወረዳ ደረጃ ያወጣው ትንበያ አለ፤ ወንድ፣ ሴት፣ ከተማ፣ ገጠር ብሎ ይከፍላል፣ ዕድሜ ግን የለበትም። ዕድሜ ያለው እስከ 2037 (እ.ኤ.አ.) የሚሄደው የክልል ትንበያ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር የወረዳውን የዕድሜ ስብጥር ከ1999 ቆጠራ ወስዶ በትንበያው ጠቅላላ ቁጥር ላይ ማብዛት ነው።

ወርልድፖፕን ማረጋገጫ አድርጋችሁ አትያዙት። የሚያከፋፍለው ሕዝብ የሚነሳው ከዚሁ ቆጠራና ትንበያ ነው። ሁለቱ ቢገጥሙ አንድ ምስክር ሁለት ጊዜ መሰከረ ማለት እንጂ ሁለት ምስክር ተገኘ ማለት አይደለም።

ስለ አዲሶቹ ወረዳዎች፦ የድሮውን ቁጥር ለአዲሶቹ ለማከፋፈል አትሞክሩ። አዲሶቹን ወደ ድሮው መልሱ። የትኛው ቀበሌ ከየት ተቆርጦ የት እንደገባ ዝርዝሩን ከዞኑ ፕላን ጽሕፈት ቤት ውሰዱ፤ ከዚያ ቀበሌ የተለዋወጡትን ወረዳዎች በሙሉ በአንድ የትንታኔ ክፍል ጠቅልሏቸው። ሰንጠረዡ ላይ ረድፍ ይቀንሳል፣ ግን የተማሪውም የሕዝቡም ቁጥር የአንድ መሬት ይሆናል። ዞኑም ራሱ ባለበት አልቆመም፦ ቡሌ ሆራ፣ ገላናና አባያ በቆጠራው ቦረና ነበሩ፣ አሁን ምዕራብ ጉጂ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ምሥራቅ ቦረና ተዋቅሯል። «የቦረና ዞን» የሚል ጠቅላላ ድምር ዓመቱ ሳይጻፍበት ምንም ትርጉም የለውም።

ሰንጠረዦቹን በስም አታገናኙ። ያቤሎ፣ ያበሎ፣ ያቤሎ ከተማ፣ ያቤሎ ዙሪያ... ኮምፒውተሩ አራት ቦታ ያደርጋቸዋል። ከኤችዲኤክስ (የሰብዓዊ ዳታ ድረ ገጽ) የሚወርደው የወሰን ፋይል ለእያንዳንዱ ወረዳ ፒ-ኮድ የሚባል መለያ አለው (ለኦሮሚያ በET04 ይጀምራል)፤ የእናንተን ስሞች አንድ ጊዜ በእጅ ከኮዱ ጋር አዛምዱና ከዚያ በኋላ በኮዱ ብቻ ሥሩ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የኦሮሚያ የዕድገት ምጣኔ በቆጠራው ጊዜ 2.9 በመቶ ነበር። ይህን ለ15 ዓመት ብታስኬዱት መነሻው በ1.54 ገደማ ይባዛል። የወረዳው እውነተኛ ዕድገት 2 በመቶ ከሆነ ግን 1.35 ነው። ልዩነቱ ብቻውን የተሳትፎ ምጣኔን በብዙ ነጥብ ያዛባል። ስለዚህ በሁለቱም አስልታችሁ ውጤቱን ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ።

---

ኢሚስ_ሰንጠረዥ

130 በመቶው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው፣ በቅደም ተከተል አረጋግጡ።

መጀመሪያ ወሰን። የተማሪው ሰንጠረዥ በድሮው ወረዳ፣ የሕዝቡ ራስተር በአዲሱ ወሰን ከተቆረጠ አካፋዩ ያንሳል። ከላይ የተባለው ነው። ከተማ አስተዳደሩንም እዩ፦ ያቤሎ ከተማ ለብቻው ይመዘገባል፣ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከዘመድ ቤት የሚማር ልጅ ከተማው ላይ ተማሪ፣ ገጠሩ ላይ ሕዝብ ሆኖ ይቆጠራል። ከተማው ከመቶ በላይ፣ ዙሪያው ከሃምሳ በታች ቢወጣ አትደነቁ። ሁለቱን ደምራችሁ አስሉ።

ሁለተኛ ዕድሜ። በአዲሱ መዋቅር ከ1ኛ እስከ 6ኛ ለ7–12 ዓመት፣ 7ኛና 8ኛ ለ13–14 ነው። የድሮው አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ፣ ለ7–14 ነበር። ወርልድፖፕ ግን በአምስት ዓመት ጥቅል ነው የሚሰጣችሁ። ለምሳሌ ያህል (ቁጥሩ የማሳያ ነው) ከ5–9 ያሉት 9,000፣ ከ10–14 ያሉት 8,000 ይሁኑ፦

ለ7–14፦ 9,000 × 3/5 = 5,400፣ ሲደመር 8,000፣ ይሆናል 13,400።
ለ7–12፦ 5,400 ሲደመር 8,000 × 3/5 = 4,800፣ ይሆናል 10,200።

ከ1ኛ እስከ 8ኛ 9,380 ተማሪ ካለ፣ በትክክለኛው አካፋይ 70 በመቶ ነው። በስህተት ለ10,200 ብታካፍሉት 92 በመቶ ይሆናል። ያው ወረዳ፣ ያው ልጅ! ሦስት አምስተኛው ራሱ ግምት ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ቁጥሩ ስለሚቀንስ 7–9ን ትንሽ ያበዛል፣ 10–12ን ትንሽ ያሳንሳል። ለወረዳ ሥራ ይበቃል፤ ለበለጠ ጥራት የስፕራግ ማባዣዎችን (የአምስት ዓመት ጥቅልን ወደ ነጠላ ዕድሜ የሚከፍሉ ቁጥሮች) ተጠቀሙ። ከቆጠራው ነጠላ ዕድሜ በቀጥታ መውሰድ ግን ወጥመድ ነው፣ ሰው ዕድሜውን ወደ 10 እና 12 ያጠጋጋል።

ሦስተኛ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት (ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጭ የሚሰጠው)። በአርብቶ አደር አካባቢ ብዙ ልጅ እዚያ ነው ያለው። አንዱ ሰንጠረዥ ከመደበኛው ጋር ይደምረዋል፣ ሌላው ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ሁለቱን ሰንጠረዥ ያለ ጥንቃቄ ብትደምሩ ሁለቴ ቆጠራችሁ። የሰንጠረዡን የግርጌ ማስታወሻ አንብቡ፤ ከሌለው ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

ጥቅል ተሳትፎ ከ100 ሊበልጥ ይችላል፤ በዕድሜ ያለፉና ያልደረሱ ስለሚገቡበት ነውር የለውም። ንጥር ተሳትፎ (በትክክለኛው ዕድሜ ያሉት ተማሪዎች ብቻ የሚቆጠሩበት) ግን በትርጓሜው ከ100 መብለጥ አይችልም። ከበለጠ ወይ ሕዝቡ አንሷል ወይ ተማሪው በዝቷል ወይ ዕድሜው ተገምቶ ተሞልቷል። በኤክሴል 100 ላይ «መቁረጥ» የሚወዱ አሉ፤ እሱ ችግሩን መቅበር ነው።

በዲኤችኤስ (የሥነ ሕዝብና ጤና ናሙና ጥናት) ላመዛዝን ካላችሁ፦ እሱ የሚጠይቀው ልጁ ትምህርት ቤት እየሄደ መሆኑን ነው፣ ኢሚስ (የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመረጃ ሥርዓት) የሚቆጥረው ግን ምዝገባን ነው። በሁለቱ መካከል በአሥር ነጥቦች የሚቆጠር ክፍተት ታገኛላችሁ። ቅጹ የሚሞላው በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ በበጋው ከከብት ጋር ወጥቶ የቀረ ልጅ ምዝገባው ላይ አለ። ደግሞም ዲኤችኤስ የሚወክለው ክልልን እንጂ ወረዳን አይደለም፤ የገጠር ናሙና ጣቢያዎቹም ሆን ተብሎ እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ጥቂቶቹም እስከ 10 ኪሎ ሜትር ከቦታቸው ተዛውረዋል። ከቃጠሎ መደብ ጋር በካርታ ማደራረብ ዋጋ የለውም።

---

ትኩስ_ነጥብ

የእሳቱ ነገር ቀላል ነው፦ እሳቱ አይደለም የጨመረው፣ ሳተላይቱ ነው። ቪየርስ የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሱኦሚ ኤንፒፒ ሳተላይት ላይ አለ፤ በ2018 ኖአ-20 ተጨመረ፣ በኋላ ደግሞ ኖአ-21። ሁሉንም ካወረዳችሁ አንዱ እሳት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። ለአዝማሚያ የሱኦሚን ብቻ ያዙ። ሞዲስ የሚባለውን ሌላ መሣሪያም አትደምሩበት፤ የሱ ነጥብ (ፒክስል) 1 ኪሎ ሜትር፣ የቪየርስ 375 ሜትር ነው።

ሲኤስቪው ላይ የምታጣሩት፦ «ታይፕ» የሚለው ዓምድ 0 የሆነውን ብቻ አስቀሩ። 1 እሳተ ገሞራ ነው (አገር አቀፍ ካርታ ላይ ኤርታሌ ዓመቱን ሙሉ ትነዳለች)፣ 2 ቋሚ የሙቀት ምንጭ ነው። ይህ ዓምድ ያለው በማኅደሩ ፋይል ላይ ነው፣ በየዕለቱ በሚለቀቀው ላይ የለም። «ኮንፊደንስ» በቪየርስ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ነው፤ በቀን የተመዘገበ ዝቅተኛ ብዙ ጊዜ የፀሐይ ነጸብራቅ ስለሚሆን ጣሉት።

ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። ከሱ 3 ሰዓት ብትቀንሱ ቀጥታ የኛን ሰዓት ታገኛላችሁ፦ 1030 የተጻፈው ከቀኑ 7:30 ነው። 2230 ያለው ደግሞ ከሌሊቱ 7:30 ነው፤ እሱ ላይ ቀኑንም በአንድ ወደፊት ግፉት።

ዓመት ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የተማሪው «2012» እ.ኤ.አ. ከመስከረም 12 ቀን 2019 የጀመረው ነው፤ ከፈርምሱ 2012 ጋር በቁጥር ስለተመሳሰለ ብቻ ኮምፒውተሩ ያለ ቅሬታ ያገናኘዋል። የእሳቱን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ዓመት ለውጡ እንጂ የተማሪውን ወደ ፈረንጅ አትለውጡ። ለእሳቱም ይሻላል፦ በጋው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፣ በፈረንጁ ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ለሁለት ይቆረጣል፣ በኛ ግን ሳይቆረጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ያድራል።

---

ሣርና_ቁጥቋጦ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ሱኦሚ ብቻ ሲቀር ጭማሪው ጠፋ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ የሙከራ መደቦቹ እያንዳንዳቸው 30 ሄክታር ናቸው። ከቃጠሎው በኋላ ምን ያህሉ እንደተቃጠለ በሞዲስ የተቃጠለ መሬት ምርት ማሳየት ይቻላል?

---

ትኩስ_ነጥብ

አይቻልም። የዚያ ምርት አንድ ነጥብ ብቻውን 21 ሄክታር ገደማ ነው፤ መደባችሁ አንድ ተኩል ነጥብ መሆኑ ነው። የሴንቲነል-2 ሳተላይትን ምስል ውሰዱ። ስሌቱ ባንድ (የብርሃን ንብርብር) 8ኤ ሲቀነስ ባንድ 12፣ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ነው፤ የቃጠሎ በፊቱ ሲቀነስ የቃጠሎ በኋላው ልዩነቱን ይሰጣል። ነጥቡ 20 ሜትር ስለሆነ በ30 ሄክታር ላይ 750 ነጥብ ታገኛላችሁ። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተዘጋጁ ምስሎች ላይ ግን 1,000 ተጨምሮበታል፣ ከእያንዳንዱ ባንድ ሳትቀንሱ የድሮን ከአዲስ ጋር ብታወዳድሩ ያልተቃጠለው ተቃጥሏል ይላችኋል። ጉግል ኧርዝ ኤንጂን ላይ «ሃርሞናይዝድ» የሚለውን ከመረጣችሁ ተስተካክሎ ይመጣል። ስፋት ስትለኩ ካርታውን ወደ ዩቲኤም 37 ሰሜን (በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት) ቀይሩ። የሕዝብ ራስተሩን ግን አትቀይሩት! በየነጥቡ ያለው የሰው ቁጥር ስለሆነ ሲቀየር ድምሩ ይበላሻል፤ ወሰኑን ወደ ራስተሩ አምጡና በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ዞናል ስታቲስቲክስ «ድምር» የሚለውን ምረጡ።

ምስሉን በተቃጠለ ሳምንት ውስጥ ያዙ። የመጀመሪያው ዝናብ አመዱን ካጠበና ሣሩ ከበቀለ ምልክቱ ይጠፋል፣ ያኔ ደመናውም አይለቃችሁም።

---

ካሎ_ጠባቂ

ስለ ካርታው ሁሉም ተባለ፤ መሬት ላይ የሚለካው ግን ተረስቷል። ቦረና ላይ እሳት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከታገደ ወዲህ ፉለንሳና ሰጳንሳ የሚባሉት እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ግጦሹን ወርረውታል፤ ጥያቄው ቁጥቋጦውን የሚጎዳ እሳት ለማስነሳት የሚበቃ ሣር አለ ወይ ነው። ብዙ ጊዜ የለም፣ ከብት ጨርሶታል።

ለቁጥቋጦ የሚመከረው በሄክታር ከ4,000 ኪሎ በላይ ደረቅ ሣር፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት፣ ከ30 በመቶ በታች የአየር እርጥበት፣ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ንፋስ ነው። ከ2,000 ኪሎ በታች ከሆነ እሳቱ እየተቆራረጠ ይሞታል፤ ካርታው ላይ «ዝቅተኛ ቃጠሎ» ተብሎ የሚታየው ይኸው ነው። ሲለካ 1 ሜትር በ1 ሜትር ማዕቀፍ ተጥሎ ሣሩ ከሥሩ ይታጨዳል፣ በ65 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ይደርቃል፣ ይመዘናል። ግራሙ በ10 ሲባዛ ኪሎ በሄክታር ነው። በአንድ መደብ ቢያንስ 20 ቦታ። ከቁጥቋጦ ሥርና ከሜዳው ለየብቻ ውሰዱ፣ አማካዩ ያታልላል።

ስለዚህ መደቡ እንደ ጥጃ ካሎ (ለጥጃ የሚከለል ግጦሽ) ታጥሮ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ማረፍ አለበት፤ ከቃጠሎም በኋላ እንዲሁ። ይህን የሚወስነው የአካባቢው ሽማግሌ እንጂ ሳተላይት አይደለም፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጊዜው የካቲት መጨረሻ፣ «ገና» የሚባለው የቦረና ዋና የዝናብ ወቅት ሊገባ ሲል። ዙሪያውን ቢያንስ 5 ሜትር ባዶ አፈር፤ ከዚያ እሳቱ በንፋስ በሚገፋበት ጫፍ ላይ ንፋስን የሚቃወም እሳት ለኩሳችሁ ከ20 እስከ 30 ሜትር ጥቁር መስመር አስቀድሙ። ዋናው እሳት ከንፋስ ጋር የሚለቀቀው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው እሳቱን ከመደብ የሚያስወጣው።

ዋናውን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከለቀቃችሁት ቪየርስ ሲያልፍ ሊያየው ይችላል። ረፋድ ላይ ለኩሳችሁ ከ6 በፊት ከጨረሳችሁ ግን የቪየርስ ዳታ ላይ ላይታይ ይችላል፤ አልተቃጠለም ማለት አይደለም።

---

ኢሚስ_ሰንጠረዥ

የካቲት ትምህርት ያለበት ወር ነው። የትምህርት ቤቶቹን ነጥብ ከኤችዲኤክስ ወይም ከኦፕንስትሪትማፕ አውርዳችሁ ጭሱ በሚሄድበት በኩል ያለውን ለዩ፤ ቅዳሜ ብታደርጉት ደግሞ ጣጣው ያንሳል።