መሃል ላይ ያለ ቅጽ ብቻ ሲገኝ መግዛት ያዋጣል? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው ጋ ሦስት የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች አየሁ፤ ሦስቱም የተከታታይ ክፍል ናቸው። የኡርሱላ ለ ጉዊን «ኧርዝሲ» ሁለተኛ ቅጽ፣ «ዘ ቱምስ ኦፍ አቱዋን»፤ የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ሦስተኛ ቅጽ፣ «ችልድረን ኦፍ ዱን»፤ ከዚያ ደግሞ የጆርጅ አር አር ማርቲን «ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ»፣ እሱ እንኳ የተከታታዩ የመጀመሪያ ቅጽ ነው። በዚህ ወር አቅሜ አንዱን ነው። የቀሩትን ቅጾች ድሬ ላይ አገኛለሁ ብዬ መተማመን አልችልም። ከእኔ በኋላ አሥረኛ ክፍል ያለች እህቴ ታነበዋለች። ብቻውን ሊነበብ የሚችለው የትኛው ነው?

መጋላ አንባቢ
አቦ፣ «ቱምስ»ን ሳትውል ሳታድር ያዘው! ሁለተኛ ቅጽ መሆኑ አያስፈራህ። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ቴናር አዲስ ናት፤ በልጅነቷ ከወላጆቿ ተወስዳ ከመሬት በታች ላሉ ስም የለሽ ኃይሎች ካህን የተደረገች ልጅ። የመጀመሪያው ቅጽ ጀግና ጌድ የሚመጣው ታሪኩ ከተጓዘ በኋላ ነው፣ ያውም እሷ የምታድነው ወይም የምትገድለው እስረኛ ሆኖ። ፍለጋ ስለመጣው የተሰበረ ቀለበት ግማሽ ማወቅ ያለብህን እሱ ራሱ ይነግራታል። መጽሐፉ ትንሽ ነው፣ እንግሊዝኛውም ንጹሕ። ጨለማ ውስጥ በእጇ ግድግዳ እየዳሰሰች መንገድ የምትለይባቸውን ገጾች የሚያህል በፋንታሲ ውስጥ አላነበብኩም።

ሳቢያን
ሦስተኛውን «ዱን» ግን እንዳትገዛ። የመጀመሪያው (1965 እ.ኤ.አ.) በራሱ ሙሉ ነው። ሁለተኛው (1969) አጭር ሆኖ የመጀመሪያውን ጀግና ድል መልሶ ይመረምራል። ሦስተኛው (1976) የሁለቱን ሸክም ይዞ ነው የሚነሳው፤ ልጆቹ የማን እንደሆኑ፣ አክስታቸው ለምን እንደዚያ እንደሆነች ሳታውቅ ገብተህ ምንም አይጥምህም። ኸርበርት ስድስተኛውን በ1985 አውጥቶ በዓመቱ ስላረፈ ተከታታዩን ራሱ አልቋጨውም። እኔ እንደማምነው ከመጀመሪያው በኋላ ማቆም ምንም አያጎድልም። እሱን ካገኘህ ግን አትለፈው። የላባቸውን ጠብታ ሳይቀር በልብሳቸው አጣርተው የሚጠጡ ሰዎችን የድሬ ሙቀት የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይረዳቸዋል።

የጀጎሏ
ወንድሜ፣ ማርቲን ለእህትህ ገና ነው። ግድያውም ወሲቡም በዝርዝር የተጻፈ ነው። ደግሞም ሰባት ይሆናል ከተባለው አምስት ወጥቶ (1996 እስከ 2011) ስድስተኛው አሁንም ይጠበቃል።

ሳቢያን
ለእህቱ ባልሽው እስማማለሁ፣ የጀጎሏ። ያላለቀ ነው ተብሎ መተው ግን ልክ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ቅጽ ብቻውን ትልቅ ልብ ወለድ ነው፤ ሥልጣን ያለው ሐቀኛ ሰው በሐቀኝነቱ ምን እንደሚደርስበት እስከ መጨረሻው ይከተላል። እያንዳንዱ ምዕራፍ በሚከተለው ሰው ስም ስለተሰየመ፣ የቤተሰቦቹም ዝርዝር ከኋላ ስላለ አትጠፋም። ለራስህ ብቻ ቢሆን እሱንም ግዛ እልህ ነበር።

የከዚራ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ፣ «ቱምስ»ን ወስኛለሁ። ከወደድኩት ቀጥዬ የትኛውን ልፈልግ? አራተኛውን የሚያወድሱ ሰዎች አሉ።

የጀጎሏ
መጀመሪያ ወደ አንደኛው (1968) ተመለስ፤ ጌድ በወጣትነቱ በትዕቢት የለቀቀውን ጥላ ራሱ ሲያሳድደው ታያለህ። ከዚያ ሦስተኛውን (1972)። አራተኛው «ተሃኑ» የወጣው በ1990 ነው፣ ከ18 ዓመት በኋላ። ቴናር እዚያ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፣ በእሳት ተቃጥላ የተጣለች ሕፃን ታሳድጋለች። ጦርነትና ዘንዶ ብቻ የፈለጉ ቅር ይላቸዋል። ለእኔ ከተከታታዩ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ጠንቋዮቹ ሁሉ ወንዶች የሆኑበትን ዓለም ደራሲዋ ራሷ ተመልሳ ስትጠይቀው ድፍረቷ ያስደንቃል። በሕፃኗ ላይ የደረሰው ከባድ ስለሆነ ግን ለእህትህ ቆየት ብለህ ስጣት። አንደኛው እኔ ጋ አለ፤ ወደ ሐረር ስትወጣ ላውስህ እችላለሁ።

መጋላ አንባቢ
አንድ ነገር ልጨምር። ከመክፈልህ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልብጠህ እይ። በአሮጌ ለስላሳ ሽፋን መጽሐፍ መጀመሪያ የሚረግፉት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያውን «ዱን»ም ሲያጋጥምህ እንደዚያው አድርግ፣ የቃላት መፍቻው ከኋላ ነው ያለው፤ እሱ ከሌለ ለጀማሪ ይከብዳል። «ቱምስ» ላይ ደግሞ መግቢያው አካባቢ ካርታዎቹ መኖራቸውን አረጋግጥ፣ በተለይ ከመሬት በታች ያሉትን የተጠላለፉ የዋሻ መንገዶች የሚያሳየውን፤ እህትህ ስታነብ በጣት እየተከተለች ትሄድበታለች።