ክርክር፦ በአር ኤን ኤ የሚሠራ ክትባት እኛ ጋ ይምጣ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ እንደምን አደራችሁ ቤተሰቦች። የዚህን ሳምንት ርዕስ ያመጣው ዘጌ ያለው ወንድማችን ነው። በአር ኤን ኤ የሚሠራ ክትባት፣ ማለትም እንደ ፋይዘርና ሞደርና የኮቪድ ክትባቶች ሰውነታችን የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን አምርቶ መከላከልን እንዲማር ትእዛዝ የሚያቀብል፣ የሰውን ዘር (ዲ ኤን ኤውን) ይነካል ወይ? ባይነካስ፣ ለባሕር ዳርና ለደሴቶቹ ይሆናል ወይ? ስድብ የለም። የባዮሎጂ መምህራችን ስላሉ ያልገባው ይጠይቅ።

የዘጌው፦ እኔ ይቅር ባይ ነኝ። የተፈጥሯችን መመሪያ ዲ ኤን ኤ ነው ተብለን ተምረናል፤ አር ኤን ኤ ደግሞ የእሱ ዘመድ ነው። ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ትእዛዝ ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ «ይህን አምርት» ሲል፣ ነገ በልጄ ላይ ምን እንደሚያመጣ ማን ዋስ ይሆነኛል? በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ነገር ጥድፊያ ነበር። በጥድፊያ የመጣን ነገር በጥድፊያ አልቀበልም።

የባዮሎጂ መምህር፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ የሚናቅ አይደለም፤ ከመሠረቱ ልነሳ። ዲ ኤን ኤ በሴሉ እምብርት፣ ኒውክለስ በሚባለው ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። ሴሉ አንድ ፕሮቲን ሲያስፈልገው፣ የዚያ ፕሮቲን ክፍል ብቻ ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል። በጣና ገዳማት ዋናው ብራና ከዕቃ ቤት ሳይወጣ የተፈለገው ገጽ ብቻ ተገልብጦ እንደሚወጣ ማለት ነው። ግልባጩ ከኒውክለስ ወጥቶ ፕሮቲን መሥሪያው ራይቦዞም ዘንድ ይደርሳል። ራይቦዞም የአር ኤን ኤውን ፊደላት፣ ማለትም ሰንሰለቱ የተሠራባቸውን ኬሚካሎች፣ ሦስት ሦስት እያደረገ ያነባል፤ እያንዳንዱ ሦስት ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ) ይጠራል። አሚኖ አሲዱን ተሸክሞ የሚያቀርበው ሌላ ዓይነት አር ኤን ኤ ነው። ራይቦዞሙም ራሱ በአብዛኛው የተሠራው ከአር ኤን ኤ ነው፤ አሚኖ አሲዶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውም ያው አር ኤን ኤው ነው። መልእክተኛ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛም ነው ማለት ነው። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን እ.ኤ.አ. በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት አር ኤን ኤ የኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ሠራተኛ፣ ሥራ እንደሚሠራ ስላሳዩ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አር ኤን ኤ ቶሎ ይፈርሳል። ስኳሩ ላይ ዲ ኤን ኤ የሌለው አንድ ኦክስጅን አለ፤ ሰንሰለቱ በቀላሉ የሚበጠሰው በዚያ ምክንያት ነው። በላቡም፣ በቆዳውም፣ በደሙም ላይ አር ኤን ኤ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ሞልተዋል። በባክቴሪያ ውስጥ አንድ መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው፤ በሰው ሴል ውስጥ በአብዛኛው ሰዓታት ነው። ሕይወት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሴሉ ትናንት ያመርተው የነበረውን ዛሬ ማቆም እንዲችል ትእዛዙ መሞት አለበት። የክትባቱ አር ኤን ኤ ትንሽ እንዲቆይ ተደርጎ ስለተሠራ በብብት ዕጢ ውስጥ ከሳምንታት በኋላ ዱካው የተገኘበት ጥናት አለ። መጨረሻው ግን ያው መፍረስ ነው።

የፋርማሲው ልጅ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከግልባጩ ወደ ዋናው መመለስ እኮ አለ። ኤች አይ ቪ ራሱ የአር ኤን ኤ ቫይረስ ነው፤ ወደ ዲ ኤን ኤ ተገልብጦ ዘራችን ውስጥ ይሰፋል። መድኃኒቱን ለሚወስዱ ሰዎች በየጊዜው የማድለው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልክ የሚወስዱት ለዚህ አይደለም እንዴ?

የዘጌው፦ ይኸው! እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልክ ነው፣ መመለስ አለ። ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር ወደ ኋላ የሚገለብጠውን ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ1970 አግኝተውታል። ነገር ግን ኤች አይ ቪ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ኢንዛይሙ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል፣ ሌላው ኒውክለስ ገብቶ ከዘራችን ጋር ይሰፋል። የክትባቱ አር ኤን ኤ አንዱንም አልያዘም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከስዊድን የወጣ ጥናት ላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ የጉበት ካንሰር ሴሎች ላይ የክትባቱን የዲ ኤን ኤ ግልባጭ አግኝቷል፤ ይህን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ከሴሎቹ ዘር ጋር መሰፋቱን ግን አላሳየም፤ በሰው ላይም አልተሠራም። በተከተበ ሰው ዘር ውስጥ ገብቶ ተገኘ የሚል ማስረጃ አላየሁም።

ዶሮ አርቢዋ፣ ሰባታሚት፦ እኔ ስለ ሴል ብዙ አላውቅም፣ ስለ ዶሮ ግን አውቃለሁ። ፈንግል አንዴ ከገባ ግቢውን ጠርጎ ነው የሚወጣው። ልጄ የፈንግል ቫይረስም አር ኤን ኤ ነው ብላኛለች። ክትባቱን የምሰጠው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ብልቃጡን በበረዶ ይዤ መጥቼ፣ በማሟሟቻው በጥብጬ፣ ዶሮዋን ብብቴ ሥር አቅፌ አንዲት ጠብታ ዓይኗ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ ጠብታዋ እስክትገባ አልለቃትም። ከሞቀ ይሞታል፣ ቀትር ላይ የሰጠሽው ውኃ ነው ብለው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎቹ አስተምረውኛል። እነዚህን ዶሮዎች ከነእንቁላላቸው ስንበላ ኖረናል።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልጅዎ እውነት ነው የነገረችዎ፣ እትዬ። ክትባቱም የተዳከመው ቫይረስ ራሱ ነው፣ ከነአር ኤን ኤው። ለሕፃናት በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታም፣ የኩፍኝ ክትባትም እንደዚያው ናቸው። ቁርጥ በበላን ቁጥርም የበሬውን አር ኤን ኤ እንውጣለን፤ ከቆሽት የሚመነጭ ኢንዛይም ይፈጨዋል።

የዘጌው፦ እትዬ፣ ያከብሩልኝ፣ ዶሮዋ ዓመት ሁለት ዓመት ኖራ ትታረዳለች። እኔ ልጄ ሰማንያ ዓመት እንዲኖር ነው የምፈልገው። ደግሞ በዚያው በኮቪድ ክትባት የወጣቶች ልብ ተቆጣ ተብሎ አልነበረም?

ነርሷ፦ ተብሏል፣ እውነትም ነው። የልብ ጡንቻ መቆጣት ይከሰታል፤ በጣም አልፎ አልፎ ነው፣ ይበልጥ የሚታየው በወጣት ወንዶች ላይ ከሁለተኛው ክትባት በኋላ ነው። አብዛኞቹ ይሻላቸዋል። ይህን ለተከታቢው ሳይነግሩ መርፌ ማንሳት ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሀገራችን መስጠት የጀመረችው አስትራዜኒካን ነው። እሱ የያዘው ዲ ኤን ኤ ነው፤ እንዳይራባ በተደረገ የቺምፓንዚ የጉንፋን ቫይረስ ተጭኖ ኒውክለስ ድረስ ይገባል። እሱም ቢሆን ከዘራችን ጋር እንዲሰፋ የተሠራ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ኒውክለስ ስለማይገባው ስለ አር ኤን ኤው ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። መምህር «ቶሎ ይፈርሳል» ያሉት፣ ለሰውነታችን ጥሩ ሆኖ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ፈተና ነው። የፋይዘር ክትባት ሲመጣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ ነበር የሚፈልገው፤ በተራው ፍሪጅ ከሳምንታት አያልፍም። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ላለችው እናትስ በምን ይደርሳታል?

የደቁ፦ ይህን ጥያቄ ስላነሳሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ማዕበል ሲነሳ ጀልባ አይወጣም። ክትባቱም፣ ምጥ የያዛትም እናት ወደቡ ላይ ናቸው።

የፖሊ ተማሪ፦ እኔ ይምጣ ብቻ ሳይሆን እዚሁ ይሠራ ባይ ነኝ። የኮሮና ቫይረስ የዘር ፊደላት ቅደም ተከተል ይፋ የሆነው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ማርች 16 ቀን የሞደርና ክትባት ሰው ላይ መሞከር ጀመረ። ሁለት ወር! ፊደሉን ከቀየርክ ፋብሪካው ያው ነው። ጥድፊያ የተባለው እንኳ ሥሩ የቆየ ነው፤ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን አር ኤን ኤው ሰውነትን እንዳያስቆጣ አንዱን ፊደል መለወጥ እንደሚበጅ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ ኖቤሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ደረሳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በፌብሩዋሪ 2022 ቴክኖሎጂውን ከኬፕታውኑ የአር ኤን ኤ ክትባት ማዕከል እንዲወስዱ የመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ የአፍሪካ ሀገሮች ግብፅ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ሴኔጋል፣ ደቡብ አፍሪካና ቱኒዚያ ናቸው። እኛ የለንበትም። ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት ስንት ዘመን ስናመርት የኖርን ሰዎች ነን እኮ! ቀዝቃዛውን ነገር የሚፈታው የሚሠራበት ሰው ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም።

የደቁ፦ ፋብሪካው ይቆየን። ወባው አሁን ነው። መጀመሪያ አጎበር፣ ፍሪጅ፣ የሞተር ጀልባ።

የፖሊ ተማሪ፦ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ወንድሜ።

የደቁ፦ ገንዘቡ አንድ ከሆነ ይከለክላል።

የዘጌው፦ የዘሩን ነገር መምህር ያሉትን ይዤ ገና አነባለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። ምን እንደምወጋ፣ ምን ሊያመጣብኝ እንደሚችል፣ ከመወጋቴ በፊት በማውቀው ቋንቋ ይነገረኝ። እምቢ ካልኩም ክፉ አይሰማኝ።

ነርሷ፦ በዚህ ካንተ ጋር ነኝ። ወረቀት ብቻ ግን አይበቃም፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ። ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ቤት ለቤት ሲሄዱ «ዘር ይቀይራል?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ የሚመልሱት ሲያጡ ወሬው ያሸንፋቸዋል። መምህር፣ እዚህ እንዳስረዱን በአንድ ከሰዓት ሊያስረዱልኝ ይችላሉ?

የባዮሎጂ መምህር፦ በደስታ። የዶሮዋን ጠብታም ይዤ እመጣለሁ፣ እትዬ ከፈቀዱልኝ።

ዶሮ አርቢዋ፣ ሰባታሚት፦ በጠዋት ከሆነ ነው።