ተራ የምክር ቤት አባል በግሉ የሚያቀርበው ረቂቅ ሕግ፦ አብዛኛው የሚወድቅ ከሆነ ለምን ይቀርባል?

ጠያቂ

ስለ ሕግ አወጣጥ ሳነብ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። በፓርላማ ሥርዓት በሚተዳደሩ አገሮች አብዛኛው ሕግ የሚመነጨው ከመንግሥት ነው፤ የሚመለከተው ሚኒስቴር ያረቅቃል፣ ሚኒስትሮች ይመክሩበታል፣ ከዚያም ለፓርላማ ይመራል። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሚኒስትር ያልሆነ አንድ የምክር ቤት አባል በራሱ ስም ረቂቅ ሕግ የሚያቀርብበት መንገድ አለ። በብሪታንያ፣ በካናዳ፣ በሕንድና በኒው ዚላንድ አሠራሩ የቆየ ነው፤ ከሚቀርቡት ውስጥ የሚጸድቁት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ «የግል ረቂቅ ሕግ» የሚባለውና ይህ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? በአንዳንድ ጽሑፎች ተቀላቅለው አያለሁ። ሁለተኛ፣ አባሉ ረቂቁ እንደሚወድቅ አስቀድሞ እያወቀ ለምን ይደክማል? ለመራጩ ለመታየት ብቻ ከሆነ የምክር ቤቱን ጊዜ ማባከን አይሆንም?

የመጀመሪያ ምላሽ

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፤ ይለያያሉ። በብሪታንያ አሠራር የግል ረቂቅ ሕግ የሚባለው ለአንድ ድርጅት፣ ለአንድ አካባቢ ወይም ለአንድ ግለሰብ ብቻ ልዩ ሥልጣን ወይም መብት የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም ከፓርላማ ውጭ ያለው ባለጉዳይ ራሱ ነው። አንድ አባል በግሉ የሚያቀርበው ረቂቅ ግን ከጸደቀ እንደ ማንኛውም ሕግ በሁሉም ላይ የሚጸና ነው። «ግል» የሚለው ቃል በአንደኛው ሕጉን፣ በሌላኛው አቅራቢውን ይገልጻል፤ መደናገሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሁለተኛው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው እነዚህ ረቂቆች የሚወድቁት በድምፅ ተሸንፈው ይመስለዋል። አብዛኞቹ ግን ድምፅ ወደሚሰጥበት ደረጃ ሳይደርሱ ጊዜ አጥተው ይቀራሉ። የምክር ቤቱን የዕለት መርሐ ግብር በአመዛኙ የሚወስነው መንግሥት በመሆኑ ለተራ አባላት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። በብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት በአንድ የሥራ ዘመን ለዚህ የሚመደቡት 13 ዓርቦች ናቸው። በዘመኑ መጀመሪያ ዕጣ ይወጣና 20 አባላት ቅድሚያ ያገኛሉ፤ እውነተኛ ዕድል አላቸው የሚባለው ግን የመጀመሪያዎቹ ሰባት ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓርቦች የዕለቱን ውይይት ቀድመው የሚከፍቱት እነርሱ ናቸውና። ዕጣ ያልደረሰው አባልም ረቂቁን ከማቅረብ አይከለከልም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አሥር ደቂቃ ተናግሮ ፈቃድ የሚጠይቅበት ሥርዓት አለ፤ ያለ ንግግር ርእሱን ብቻ ማስመዝገብም ይችላል። እነዚህ ግን በየዓርቡ ወረፋ መጨረሻ ላይ የሚሰለፉ ስለሆኑ ተራው አይደርሳቸውም ማለት ይቻላል።

ዓርብ ራሱ ደግሞ አመቺ ቀን አይደለም። አብዛኛው አባል ወደ ምርጫ ክልሉ የሚሄድበት ቀን ነው፤ ስብሰባውም በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 ተጀምሮ ከቀኑ 8፡30 ላይ ያበቃል። ረቂቁን የሚቃወም አባል ቆሞ ሰዓቱ እስኪሞላ ከተናገረ ረቂቁ ተራውን ያጣል። ክርክሩ ተዘግቶ ወደ ድምፅ ይኬድ ብሎ ለማስወሰን ቢያንስ 100 አባላት መደገፍ አለባቸው፤ በዓርብ ቀን 100 ሰው ይዞ መገኘት ደግሞ ብርቱ ቅስቀሳ ይጠይቃል። ውይይት ሳይደረግባቸው ሰዓቱ የሞላባቸው ረቂቆች ርእሳቸው ሲነበብ ከአዳራሹ አንድ ድምፅ «እቃወማለሁ» ካለ በዚያ ቀን አያልፉም። ምክንያት እንዲሰጥ አይጠየቅም።

ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2018 የሆነው ነው። የሊበራል ዴሞክራቷ ዌራ ሆብሃውስ ከሴቶች ቀሚስ ሥር በስውር ፎቶግራፍ ማንሳትን ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ አቅርበው፣ መንግሥትም ደግፎት እያለ፣ የወግ አጥባቂው ክሪስቶፈር ቾፕ በአንዲት ቃል አስቆሙት። ቾፕ በበኩላቸው ተቃውሟቸው ለረቂቁ ይዘት ሳይሆን ረቂቆች ያለ ክርክር ማለፋቸውን እንደሆነ ተናግረዋል። ቁጣው ግን እጅግ በርትቶ መንግሥት ጉዳዩን በራሱ ረቂቅ አድርጎ አቀረበውና በ2019 ሕግ ሆነ።

ሁለተኛ ምላሽ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ የመጨረሻው ምሳሌ ለሁለተኛው ጥያቄ ዋናውን መልስ ይዟል፤ እኔ ላጠናክረው። የእንዲህ ዓይነት ረቂቅ ውጤት መጽደቁን ብቻ በማየት ከተለካ ሕንድ የከሸፈች አገር ትሆናለች። ከነጻነት ወዲህ በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለፉት የተራ አባላት ረቂቆች 14 ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው የጸደቀውም በ1970 ነው። ሆኖም በ2015 ቲሩቺ ሲቫ የተባሉት አባል የጾታ ማንነታቸውን የቀየሩ ሰዎችን መብት የሚመለከት ረቂቅ በላይኛው ምክር ቤት አሳለፉ። በታችኛው ምክር ቤት ባያልፍም መንግሥት ጉዳዩን ከዚያ በኋላ ችላ ሊለው አልቻለም፤ በ2019 የራሱን ሕግ አወጣ። እርግጥ ነው፣ የመንግሥቱ ሕግ ከሲቫ ረቂቅ በብዙ ነጥብ ይለያል፤ መብታቸው ይከበርላቸዋል ከተባሉት ብዙዎቹም ተቃውመውታል። ሐሳብዎን ሌላ ሰው ሲያነሳው ቅርጹን የሚወስነው ያው ሌላው ሰው ነው።

ከማውቃቸው ሁሉ ግን የሚመስጠኝ የካናዳው ነው። ሞሪል ቤላንዤ የብሔራዊ መዝሙሩ የእንግሊዝኛ ግጥም «ወንዶች ልጆችህ» የሚለውን ትቶ ሁሉንም ዜጎች እንዲጠራ ረቂቅ አቀረቡ። ሁለት ቃል ብቻ የሚለውጥ ሕግ ነው። እርሳቸው በነርቭ ሕመም አንደበታቸው ተዘግቶ ስለነበር በምክር ቤቱ የተናገሩት በመሣሪያ ድምፅ ነበር። የታችኛው ምክር ቤት ሰኔ 2016 አሳለፈው፤ እርሳቸው በነሐሴ ዐረፉ፤ ረቂቁ በሴኔት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ተጓትቶ በየካቲት 2018 ሕግ ሆነ። ይህ የመራጭ ዓይን ፍለጋ ነበር ለማለት ይከብዳል።

ሦስተኛ ምላሽ

እኔ ትንሽ ልቃወም። አንድ ብቸኛ አባል ተራራ ገፋ የሚለው ተረት ከእውነቱ በላይ ተጋንኗል። በ1965 በሲድኒ ሲልቨርማን ረቂቅ የሞት ቅጣት በነፍስ ግድያ ላይ ተፈጻሚነቱ ሲቆም፣ በ1967 ደግሞ በዴቪድ ስቲል ረቂቅ ፅንስ ማቋረጥ በሕግ ሲፈቀድ፣ ከጀርባ የወቅቱ መንግሥት ነበረ። ለስቲል ረቂቅ ተጨማሪ የክርክር ጊዜ የሰጠው መንግሥት ነው፤ ያ ጊዜ ባይሰጥ ኖሮ ረቂቁ እንደ ሌሎቹ ታንቆ ይቀር ነበር። መንግሥት የሕሊና ጉዳይ የሚላቸውን አከራካሪ ነገሮች በአንድ አባል እጅ ማስያዝ ይመቸዋል፤ ካለፈ ተጠቀመ፣ ከወደቀ አልተነካም። ከዚህም ሌላ በሚኒስቴሩ ተረቅቀው ዕጣ ለደረሰው አባል የሚሰጡ ረቂቆች አሉ፤ በስም የግለሰብ፣ በግብር የመንግሥት ናቸው።

ገንዘቡንም አንርሳ። በብሪታንያ ረቂቁ ከመንግሥት ካዝና ወጪ የሚጠይቅ ከሆነ ምክር ቤቱ ያን ወጪ እንዲፈቅድ የሚጠይቀውን የገንዘብ ውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ የሚችለው ሚኒስትር ብቻ ነው። አፍዛል ካን የምርጫ ክልሎችን አከላለል የሚመለከት ረቂቅ አቅርበው በታኅሣሥ 2017 በሁለተኛ ንባብ፣ ማለትም በረቂቁ ጠቅላላ ሐሳብ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ደረጃ፣ በ229 ለ44 ድምፅ አሳልፈው ነበር። መንግሥት ግን የገንዘቡን ሐሳብ ሳያቀርብ ቀረ፤ ኮሚቴውም በተደጋጋሚ ተሰብስቦ በአንቀጾቹ ላይ ሳይወያይ ይበተን ነበር። በካናዳም በ1867ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ምክንያት ተመሳሳይ አጥር አለ።

ጠያቂ

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ተመልሶልኛል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በሕግ ይዘት ላይ የሚወያይ ምክር ቤት ማን ቀድሞ ይወያይ የሚለውን በዕጣ መተዉ ለሥራው ክብደት የሚመጥን ነው?

የመጀመሪያ ምላሽ

ዕጣው ደካማ ጎን እንዳለው አልክድም፤ ሆኖም አማራጩን ይመልከቱ። ቅድሚያውን የሚሰጥ ሰው ካለ ያ ሰው ባለሥልጣን ወይም የፓርቲ አለቃ ነው፤ ዕጣ ግን አለቃውን ከአባሉ አይለይም። ኒው ዚላንድ ውስጥ ረቂቆቹን የሚወክሉ ቁጥር የተጻፈባቸው ክቦች የሚወጡት ከአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ቆርቆሮ በወጣ ረቂቅ ሉዊዛ ዎል በ2013 ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች እንዲጋቡ የጋብቻን ሕግ በ77 ለ44 ድምፅ ያስለወጡ ሲሆን፣ በ2019 ዴቪድ ሲይሞር ያሳለፉት፣ በማይድን ሕመም ሊሞት የተቃረበ ሰው በሐኪም እርዳታ ሕይወቱን እንዲያበቃ የሚፈቅደው ሕግም በ2020 ሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ጸድቋል። ሁለቱም መንግሥት በራሱ ስም ሊያነሣቸው ያልደፈራቸው ጉዳዮች ነበሩ።

በዚያው አገር ከ2020 ጀምሮ ዕጣውን የሚያልፍ ሁለተኛ በር ተከፍቷል፦ ሚኒስትር ያልሆኑ ቢያንስ 61 አባላት ድጋፋቸውን ካስመዘገቡለት ረቂቁ ቆርቆሮው ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ይቀርባል። ሚኒስትሮች ሳይቆጠሩ 61 ሰው ለማግኘት ከአንድ ወገን በላይ ማግባባት ግድ ስለሚል፣ ይህ በር ለእርስዎ ጥያቄ ከዕጣው ይልቅ የቀረበ መልስ ይመስለኛል።