ጥር ላይ ውኃ ዳር አድፍጦ አጋዘን ማደን ይገባል?

ጠያቂ፣ ከፊኒክስ፦ የሥራ ባልደረባዬ ጥር ላይ በቀስት አጋዘን ለማደን አብሬው እንድወጣ ጋብዞኛል። ውኃ ዳር ተደብቀን እንጠብቃለን ይላል። እዚህ አሪዞና ወሩ ወንዱ ሴቷን የሚከተልበት ነው። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ኅሊናዬ ግን እሺ አላለኝም። ምን ትላላችሁ?

አዳኝ፣ ከቱሳን፦ ወንድሜ፣ በቀስት ለማደን በጣም መቅረብ ግድ ነው። ውኃ የሚጠጣ አጋዘን ቆሞ፣ ጎኑን ሰጥቶ ይገኛል፤ ፍላጻው ልብና ሳንባ ላይ ያርፋል። እየሮጠ ተወግቶ፣ ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲማቅቅ ከሚያድር ይህ አይሻልም? ያ ውኃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ የዝናብ ማጠራቀሚያ ነው፤ በድርቅ ጊዜ በቦቴ ይሞላል። ወጪው የሚሸፈነው ከአደን ፈቃድ ክፍያና እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት ከጦር መሣሪያ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ነው።

እህታችሁ፣ ከዴንቨር፦ የገጠር ገበሬ እንኳን ላም የሚያጠቃ ኮርማ አያርድም። በመራቢያ ወቅት መግደል ዘር መቁረጥ ነው።

ሌላ ነዋሪ፣ ከፊኒክስ፦ እህቴ፣ ሐዘኔታሽን እጋራለሁ፤ የኮርማው ምሳሌ ግን እዚህ አይሠራም። ገበሬው ያለው ኮርማ አንድ ነው። ከአጋዘን ግን አንዱ ወንድ ቢሞት ሌላው ይተካዋል፤ ያልጸነሰችም ሴት ከ28 ቀን ገደማ በኋላ እንደገና ወንድ ትፈልጋለች። የቀስቱ ፈቃድ ለባለ ቀንድ ወንድ ብቻ የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥር የተመረጠበትን ጥበብ እዪ፦ እርግዝናው 200 ቀን ያህል ስለሆነ ግልገሉ የሚወለደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የበረሃው ዝናብ ሲወርድ ነው። ልክ እንደ እኛ ክረምት።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ውኃው ነው። በረሃ ውስጥ ለብዙ ማይል መጠጫው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወንዱ በዚያ ሰሞን ግጦሽ ትቶ ሲሮጥ ይውላል፤ ሲጠማው መሄጃ የለውም። እኛ ዳሩ ላይ ከዋልን የሚከለከለው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ድርጭቱም ቀበሮውም ሳይጠጣ ይመለሳል። ግዛቱም ይህን አይቶታል፦ ከመጠጫ ውኃ ሩብ ማይል ሳይርቁ ሰፍሮ እንስሳትን ውኃ መከልከል በሕግ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ለአደን ካሜራ መትከልም ታግዷል፤ በየውኃው ዳር ካሜራው በዝቶ ነበር። ጠያቂው ወንድሜ፣ ሂድ፤ ግን ከውኃው ርቀህ አጋዘኑ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ጠብቅ።

አዳኝ፣ ከቱሳን፦ መንገድ ላይ እኮ አይቆምልህም። የሚቆስለው ይበዛል።

ሌላ ነዋሪ፣ ከፊኒክስ፦ ካልቆመ አትወርውር። ባዶ እጅ መመለስ ያለ ነው። ውኃውን የእኛ ገንዘብ ሠራው ማለትህም እውነት ነው፤ ግን የተሠራው እንዲጠጡበት ነው።

እህታችሁ፣ ከዴንቨር፦ ስለ ወሩ አሁንም አላመንኩም። ስለ ውኃው ግን ተስማምተናል።

ጠያቂ፣ ከፊኒክስ፦ ለባልደረባዬ ነገ እነግረዋለሁ፤ ከውኃው ርቀን የምንጠብቅ ከሆነ እወጣለሁ፤ ካልሆነ እቀራለሁ።